ከንቲባ ገብሩ ደስታ፤ ከጎንደር እስከ መጀመሪያው ፓርላማ

በጎንደር ፒያሳ ከቡና ቤት በረንዳ ላይ የተቀመጠ ሰው ሁለት ዘመን ባንድ ጊዜ ያያል። በፊቱ ያሉት ሕንፃዎች ኢጣልያኖች በአምስቱ የጠላት ዘመን የሠሯቸው ናቸው። ጥቂት ራመድ ብሎ ቢሄድ ደግሞ የፋሲል ግቢ ቅጥር ይገጥመዋል። በዚሁ በረንዳ ላይ እኛ ተማሪዎች ስንጨዋወት ከንቲባ የሚለው ቃል በቀን ስንት ጊዜ እንደሚነሣ እግዚአብሔር ይወቀው። ነገር ግን ይህ የሹመት ስም ከዚሁ ከከተማችን የወጣ መሆኑን የሚያስታውስ ጥቂት ነው። በነገሥታቱ ዘመን ከንቲባ ማለት የጎንደርና የደምቢያ ሹም ማለት ነበር። አዲስ አበባና ሌሎቹ ከተሞች በኋላ ጊዜ ስሙን ከዚህ ወስደው ለየራሳቸው ሹም ሰጡት።

ባለፈው ሰሞን ከጓደኞቼ አንዱ የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን የፒያኖ ዜማ በስልኩ ከፍቶ ያሰማን ነበር። እኔም ይህ ገብሩ የተባለው አባት ማን እንደ ሆነ ብጠይቅ ከስድስት ሰዎች መካከል አንድ መላሽ አላገኘሁም። የልጅ ስም ገንኖ የአባት ስም ሲሸፈን ማየት አዲስ ነገር አይደለም። ሆኖም አባትየው የጎንደር ከንቲባ፥ ወደ አሜሪካ የሄደ የመንግሥት መልእክተኛ፥ ኋላም የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፓርላማ ምክትል ፕሬዚዳንት የነበሩ ሰው ናቸው። ስለዚህ እኛ የጎንደር ተማሪዎች ታሪካቸውን ሳናውቀው ብንቀር ነውሩ የኛው ነው በማለት ይህን ጽሑፍ አዘጋጀሁ።

ገብሩ ደስታ በጎንደር አገር በ1847 ወይም በ1848 ዓ.ም. ገደማ ተወለዱ። የመጀመሪያ ስማቸው ጎባው ነበረ። የተወለዱበት ዓመት ካሣ ኃይሉ ቴዎድሮስ ተብለው በነገሡበት ጊዜ አካባቢ ስለ ሆነ፥ የልጅነታቸው ዕድሜ ከዚያ ንጉሠ ነገሥት ዘመን ጋር እኩል ሄደ ለማለት ይቻላል። በዚያን ጊዜ ከጎንደር ዙሪያ እስከ ደብረ ታቦር ድረስ የፕሮቴስታንት ሚስዮናውያን ነበሩ። ፍላድ፥ ዋልድማየርና ባልንጀሮቻቸው በስዊስ አገር ከባዝል ከተማ አጠገብ ከሚገኘው ከቅዱስ ክሪሾና ትምህርት ቤት የወጡ ናቸው። ይህ ቤት የሚያስተምረው ወንጌልንና የእጅ ሥራን ባንድነት ነው፤ አናጢው ሰባኪ፥ ብረት ሠሪውም ሰባኪ ሆኖ ይወጣል። አፄ ቴዎድሮስ ግን ከሰዎቹ የፈለጉት ስብከቱን ሳይሆን እጃቸውን ነበር። በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት አስቀምጠው መድፍ አሠሯቸው፤ ያ ሴባስቶፖል የተባለው ትልቅ መድፍ ከዚያ ወጥቶ እስከ መቅደላ ተጎተተ።

ትንሹ ጎባው ያደገው ከነዚህ ሰዎች እጅ ነው። ፊደል ቆጥሮ፥ ቋንቋቸውን ለምዶ፥ ገና በልጅነቱ በሁለት ዓለም መካከል ቆመ። አገሩ ደግሞ በዚያው ጊዜ ትፈርስ ነበር። በ1859 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ ጎንደርን ዘረፉ፥ አብያተ ክርስቲያናቱንም አቃጠሉ፤ መጻሕፍቱና ንዋየ ቅድሳቱ ወደ መቅደላ ተጫኑ። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. ደግሞ የእንግሊዝ ጦር መቅደላ ላይ ወጥቶ ንጉሡ ራሳቸውን ገደሉ። ጦሩ ሲመለስ ፈረንጆቹ ሁሉ አብረው ወጡ። ጎባውም ከሚስዮናውያኑ ጋር ወደ ኢየሩሳሌም ሄደ፤ ከዚያም ወደ ባዝል ተሻግሮ መምህሮቹ በተማሩበት በክሪሾና ገባ።

እስቲ ይህን ነገር ቆም ብለን እንመልከተው። ዛሬ አንድ ተማሪ ባሕር ተሻግሮ ለመማር ሲያስብ ፓስፖርት፥ ፈተና፥ የትምህርት ዕርዳታ ይፈልጋል፤ ዘመድ ይሸኘዋል፥ በሳምንቱም በስልክ ድምፁን ያሰማል። ጎባው ግን የወጣው ንጉሡ ሞቶ፥ ከተማው ተቃጥሎ፥ የዝሆንና የግመል ጭነት ተከትሎ ወደ ቀይ ባሕር ከሚወርድ ጦር ኋላ ነው። ማንም አልላከው፤ መንግሥትም የሚጠብቀው ሥራ አላዘጋጀለትም። እነ ሐኪም ወርቅነህም ከዚያው ከመቅደላ ፍርስራሽ ተነሥተው ወደ ህንድ ሄደው በእንግሊዝ እጅ አደጉ። የመጀመሪያዎቹ በአውሮፓ ዕውቀት የተማሩ ኢትዮጵያውያን ብዙዎቹ የተገኙት በዚህ ዓይነት ነው፤ በመንግሥት አሳብ ሳይሆን በመከራ አጋጣሚ።

ጎባው ጀርመንኛውን አጥንቶ፥ እንግሊዝኛውንም ጨምሮ ወደ ኢትዮጵያ ሲመለስ የገባው ወደ ትውልድ አገሩ ሳይሆን ወደ ሸዋ ነው። በዚያ ከክሪሾና ወንድሞች ጋር ሆኖ የሚስዮን ሥራ ጀመረ። የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ፈረንጅንና የፈረንጅን ሥራ የሚወዱ ናቸው። ዳሩ ግን የበላዩ ንጉሠ ነገሥት አፄ ዮሐንስ ናቸው። አፄ ዮሐንስ በ1870 ዓ.ም. በቦሩ ሜዳ ጉባኤ የሃይማኖቱን ነገር ከቆረጡ በኋላ ሚስዮናውያንን በኢትዮጵያ ምድር ማየት አይፈልጉም ነበር። በ1878 ዓ.ም. ትእዛዙ ጸና፤ ሚስዮናውያኑም ከሸዋ እንዲወጡ ተደረገ። ወጣቱ መምህር የተማረው ትምህርት በገዛ አገሩ ወንጀል ሆኖ ቆየው።

ሌላ ሰው ቢሆን በዚህ ጊዜ ተስፋ ቆርጦ በባዝል ወይም በኢየሩሳሌም ኑሮውን ይመሠርት ነበር። እሳቸው ግን በሌላ በር ገቡ። በሚስዮን በር የተዘጋው መንገድ በቤተ መንግሥት በር ተከፈተ። ምኒልክ ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር የሚያደርጉት ግንኙነት እየበዛ ሲሄድ፥ በተለይም በ1881 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ከሆኑ በኋላ፥ የፈረንጅን ወረቀት የሚያነብ ሰው ዋጋው ከፍ አለ። በውጫሌ ውል የአንድ አንቀጽ ትርጉም አማርኛውና ኢጣልያንኛው ተለያይተው እስከ ዐድዋ ጦርነት እንዳደረሰን ሁላችን በትምህርት ቤት ተምረናል። በእንዲህ ያለ ዘመን ቋንቋ ማወቅ ጌጥ ሳይሆን የመንግሥት መሣሪያ ነው። ገብሩ የተባሉት ጎባውም በአስተርጓሚነትና በመልእክት ሥራ አገልግለው የጎንደር ከንቲባነት ተሾሙ።

የተሾሙባት ጎንደር የነፋሲል፥ የነኢያሱ ጎንደር አልነበረችም። በ1859ኙ ቃጠሎ ላይ ሌላ ቃጠሎ ተጨምሮባት ነበር። በጥር 1880 ዓ.ም. የሱዳን መሐዲስቶች ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን በሣር ውኃ ድል ካደረጉ በኋላ ከተማይቱ ገብተው ያለፈውን ጊዜ እሳት የተረፈውን አቃጠሉ፥ ብዙ ሕዝብም ማርከው ወሰዱ። ከታላላቆቹ አብያተ ክርስቲያናት እንደ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ያሉት ጥቂቶች ብቻ ቀሩ። መናገሻውም ወደ ደቡብ ሄዶ በአዲስ አበባ ተተክሏል። እንግዲህ ከንቲባው የተቀበሉት ስሙ ትልቅ፥ አካሉ ትንሽ የሆነ ከተማ ነው። የከንቲባ ሥራ ደግሞ የገበያውን ሰላም መጠበቅ፥ ቀረጡን ማግባት፥ የከተማውን ክርክር መስማት ነው፤ ከበላዩም የቤጌምድር ገዥ አለ። ባዝልን ያየ ሰው በፈረሰ ግንብ ሥር ተቀምጦ የነጋዴና የባለቀረጥ ነገር ሲሰማ መዋሉን ሳስብ ይገርመኛል። ሆኖም ይህ ትንሽ ሥራ አይደለም። ኋላ በምክር ቤት የተቀመጠ ሰው ሕዝብ በየቀኑ የሚከራከርበትን ነገር አስቀድሞ በጆሮው ሰምቶ ቢገባ ይጠቅማል እንጂ አይጎዳም።

አሁን ወደ አሜሪካው ጉዞ ልለፍ፤ እኔን እጅግ የማረከኝ ይህ ነውና። የአንደኛው የዓለም ጦርነት ባለቀ ጊዜ፥ በ1911 ዓ.ም.፥ በንግሥት ዘውዲቱና በአልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን ዘመን የኢትዮጵያ መንግሥት ድል ላደረጉት አገሮች ደስታውን የሚገልጹ መልእክተኞች ላከ። ወደ አሜሪካ የሄዱት መሪ ደጃዝማች ናደው ነበሩ። ከሳቸው ጋር በኋላ ብላቴን ጌታ የተባሉት ኅሩይ ወልደ ሥላሴና ከንቲባ ገብሩ ሄዱ። የአሜሪካ ጋዜጦች ኅሩይን የአዲስ አበባ ከንቲባ፥ ገብሩን የጎንደር ከንቲባ እያሉ ጻፉ። እንግሊዝኛ የሚናገሩት ገብሩ ስለ ነበሩ ነገሩ ብዙውን ጊዜ በሳቸው ላይ ወደቀ። ከደስታው መልእክት በቀር ሌላም ጉዳይ ነበራቸው፤ በ1896 ዓ.ም. በአፄ ምኒልክና በአሜሪካው መልእክተኛ በስኪነር መካከል የተጀመረው የንግድ ውል ጊዜው አልፎ ስለ ነበር እንዲታደስ ያስፈልግ ነበር።

ፕሬዚዳንት ዊልሰን ከፓሪስ የሰላም ጉባኤ የተመለሱት በዚያው ሰሞን ነው፤ መልእክተኞቹም በዋሽንግተን ቀርበው ተቀበሏቸው። ነገር ግን ቀኑን አስተውሉ። ያ ክረምት በአሜሪካ ታሪክ ቀዩ በጋ የሚባለው ነው (የኛ ክረምት የነሱ በጋ ነውና)። በሐምሌ ወር በዋሽንግተን ከተማ ነጮች በጥቁሮች ላይ ተነሥተው ደም ፈሰሰ። በዚያው ወር መጨረሻ በቺካጎ በተነሣው ሁከት 38 ሰዎች ሞቱ፤ ከነዚህም 23ቱ ጥቁሮች ነበሩ። በጦርነቱ ለአሜሪካ የተዋጉ ጥቁር ወታደሮች ወደ አገራቸው ተመልሰው በየመንገዱ ይገደሉ ነበር። እንዲህ ባለ ወር ውስጥ ነጭ ሸማ ለብሰው፥ ካባ ደርበው፥ በታላቅ ሆቴል አርፈው፥ ፕሬዚዳንቱን በእኩልነት የሚያነጋግሩ ጥቁር ሰዎች መጡ። የጥቁር አሜሪካውያን ጋዜጦች ይህን በምን ዓይነት ደስታ እንደ ጻፉት መገመት አያስቸግርም። በየቤተ ክርስቲያናቸው በመዝሙረ ዳዊት ስሟን የሚሰሙት ኢትዮጵያ ሥጋ ለብሳ መጣች።

መልእክተኞቹም የቀለሙን ነገር አልሸሹትም፤ ሊሸሹትም አይችሉም ነበር። መንግሥት ሲያከብራቸው በኒው ዮርክ አንድ ክበብ አላስተናግድም እንዳላቸው ተጽፏል። ከዚህ ላይ የማልስማማበትን አንድ አስተያየት ላንሣ። አንዳንድ ሰዎች የዚያን ዘመን መኳንንት ከጥቁር አሜሪካውያን ጋር ዝምድና እንደሌላቸው ይቆጥሩ ነበር ብለው በጅምላ ይፈርዳሉ። ስለ ሁሉም ይህን ማለት አይቻልም። እነዚህ ሰዎች ከጥቁሮቹ ማኅበሮች ሰዎች ጋር ተገናኝተዋል፤ ከዚያ ክረምት ወዲህ የኢትዮጵያ ስም በሐርለምና በቺካጎ ይበልጥ ተነሣ። በ1928 ዓ.ም. ኢጣልያ ስትወጋን በኒው ዮርክ መንገዶች ለኛ የጮኸው ሕዝብ ስማችንን የሰማው በአንድ ቀን አይደለም።

ከንቲባው ከዚህ ጉዞ የተመለሱት ወደ ስድሳ አምስት ዓመት ዕድሜ ሲጠጉ ነው። ሌላው ሰው ጡረታውን በሚያስብበት ዕድሜ እሳቸው ገና ልጆች ያሳድጉ ነበር። ባለቤታቸው ወይዘሮ ካሣዬ የላምቱ ይባሉ ነበር። ስንዱ በ1908 ዓ.ም. በአዲስ ዓለም፥ የውብዳር በ1916 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተወለዱ። ይህች የውብዳር ኋላ እማሆይ ጽጌ ማርያም የተባሉት ናቸው። አባትየው ሁለቱን ሴቶች ልጆች በ1922 ዓ.ም. ገደማ ወደ ስዊስ አገር ላኳቸው። የውብዳር ያን ጊዜ የስድስት ዓመት ሕፃን ነበሩ። ፒያኖና ቫዮሊን የተዋወቁት በዚያ ነው፤ ስንዱም ፈረንሳይኛና ሥነ ጽሑፍ አጠኑ።

የዘመኑን ሰው አሳብ ለማወቅ ይህን ከሌላው ጋር ማመዛዘን ይገባል። በዚያ ጊዜ ወንድ ልጅን እንኳ ወደ ዘመናዊ ትምህርት ቤት መስደድ ሃይማኖት ያስለውጣል እየተባለ ይፈራ ነበር። ሴት ልጅ ደግሞ ገና በዐሥር በዐሥራ ሁለት ዓመቷ ትዳር ይታሰብላት ነበር። አንድ የሰባ ዓመት ሽማግሌ፥ ያውም የአፄ ቴዎድሮስ ዘመን ሰው፥ ሴቶች ልጆቹን ባሕር ማዶ ሲልክ ጎረቤት ምን እንዳለ ይታየኛል። እኔ ግን እንደሚመስለኝ ከንቲባ ገብሩ በዕድሜያቸው ሁሉ ከሠሩት ሥራ ከንቲባነቱም መልእክተኛነቱም ይህን አያህሉም። እሳቸው በመከራ አጋጣሚ ያገኙትን ትምህርት ለልጆቻቸው በፈቃድ ሰጡ።

ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት ተፈረመ። ያረቀቁት በሩሲያ የተማሩት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ናቸው፤ የተከተሉትም የ1889 እ.ኤ.አ. የጃፓንን ሕገ መንግሥት ነው። በ55 አንቀጾች ውስጥ ሁለት ምክር ቤቶች ተቋቋሙ። የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባሎች በመንግሥት ሥራ፥ በዳኝነትና በጦር አለቅነት ካገለገሉ መኳንንት መካከል በንጉሠ ነገሥቱ ይሾማሉ። የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባሎች ደግሞ ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪችል ድረስ በመኳንንቱና በየአገሩ ሹማምንት ይመረጣሉ። ምክር ቤቶቹ ይመክራሉ፥ ይከራከራሉ፤ ንጉሠ ነገሥቱ ካላጸደቁት ግን አንድም ነገር ሕግ አይሆንም። ከንቲባ ገብሩ በዚህ በመጀመሪያው ፓርላማ በሕግ መወሰኛው ምክር ቤት ምክትል ፕሬዚዳንት ሆኑ።

አንድ ማታ ከጓደኞቼ ጋር ስለዚህ ነገር ስንከራከር ሌሊቱ ተጋመሰ። አንደኛው ወገን እንዲህ ያለ ፓርላማ ፓርላማ አይባልም፤ መኳንንቱን ከየግዛታቸው አውጥቶ በአዲስ አበባ በንጉሡ ዓይን ሥር ለማስቀመጥ የተሠራ አዳራሽ ነው፤ የተማረ ሰው በዚያ መቀመጡ ማዕረግ ለመቀበል ነው ይላል። በዚህ አነጋገር ውስጥ እውነት አለ፤ ከታሪክ ጸሐፊዎችም ብዙዎቹ ይህን ይላሉ። ሕዝብ ያልመረጠው፥ በጀት የማይከለክል፥ ሚኒስትር የማይጠይቅ ምክር ቤት ሥልጣኑ ጥላ ነው።

እኔ ግን ሌላም ነገር አያለሁ። እስከዚያ ቀን ድረስ በኢትዮጵያ ምክር ማለት በግብር አዳራሽ፥ በድንኳን ወይም በጓዳ የሚደረግ፥ ቦታውም በዘርና በጦር ብዛት የሚወሰን ነበር። በዚያ አዳራሽ ውስጥ በሠራዊቱ ብዛት የሚፈራ ባላባት ተቀምጧል። ከላይ የተቀመጡት ደግሞ ጦር የሌላቸው፥ የትልቅ ባላባት ልጅ ያልሆኑ፥ ሀብታቸው ቋንቋና ትምህርት ብቻ የሆነ የሰባ አምስት ዓመት ሽማግሌ ናቸው። ይህ ትንሽ ለውጥ አይደለም። ሆኖም የወንበሩን ጉድለት ይህ አይሸፍነውም። ወንበሩን የሰጠው አንድ ሰው ነው፤ የሚወስደውም ያው ሰው ነው። ሽማግሌው ስለ ጎንደር ቢናገሩ የጎንደር ሰው ወክሎ አልላካቸውም፤ ዝም ቢሉም የሚጠይቃቸው የለም። ሕይወታቸውን ሁሉ የሌላ ሰው ቃል ከአንዱ ቋንቋ ወደ ሌላው ሲያሻግሩ ኖሩ፤ በምክር ቤቱም ቢሆን ለራሳቸው ቃል ባለቤት የሚሆንበት ሥልጣን አልተሰጣቸውም።

ፓርላማው ገና እግሩን ሳይተክል ኢጣልያ መጣ። በ1928 ዓ.ም. መስከረም ጦርነቱ ተጀመረ፤ ሚያዝያ 27 ቀን ጠላት አዲስ አበባ ገባ። ስንዱ ወደ ምዕራብ ወጥተው በነጎሬ በኩል ከአርበኞች ጋር ነበሩ፤ ኋላ ተያዙ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ የሆነውን እልቂት አንባቢ ያውቀዋል። በተለይ የተማሩት ተፈልገው ተገደሉ፤ መኳንንቱና ቤተ ሰዎቻቸው ደግሞ በመርከብ ወደ ኢጣልያ ተጋዙ። የከንቲባ ገብሩ ቤተ ሰብም ከሰርዲንያ በስተ ሰሜን ወደምትገኘው ወደ አዚናራ ደሴት ተወሰደ። የውብዳር ገና ዐሥራ ሦስት ዓመታቸው ነበር። ከዚያም በኔፕልስ አጠገብ ወዳለችው ወደ መርኮሊያኖ ተዛወሩ። ፒያኖ የለመደች እጅ በግዞት ደሴት ላይ ዋለች።

የጠላት ጦር በኢትዮጵያ ምድር መጨረሻውን የተዋጋው በጎንደር ነው፤ ጄኔራል ናሲ እጁን የሰጠው በኅዳር 1934 ዓ.ም. ነው። ዛሬ ቡና የምንጠጣባት ፒያሳ የቀረችልን ከዚያ አምስት ዓመት ነው። ከንቲባ ገብሩ ግን የነፃነቱን ዘመን ደርሰው ለማየት በቅተዋል። በ1942 ዓ.ም. ወደ ዘጠና አምስት ዓመት ሲጠጉ ዐረፉ። የቴዎድሮስን፥ የዮሐንስን፥ የምኒልክን፥ የኢያሱን፥ የዘውዲቱንና የኃይለ ሥላሴን መንግሥት ያዩ፥ የአውሮፓ ጦርም አገራቸው ሲገባ የተመለከቱ ሰው ናቸው።

የምክር ቤቱ ነገር ግን በመቃብራቸው አላበቃም። ወይዘሮ ስንዱ ከነፃነት በኋላ መምህር ሆኑ፤ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤትን ከኢትዮጵያውያን መጀመሪያ በዲሬክተርነት መሩ፤ ስለ ጠላት ዘመን የቴአትር ድርሰቶች ጻፉ፤ የልቤ መጽሐፍ የተባለውንም አሳተሙ። በጥቅምት 1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ሲወጣ የሕግ መምሪያው ምክር ቤት አባሎች በሕዝብ ድምፅ እንዲመረጡ ተደነገገ፤ ሴትም ወንድም ይመርጣል፥ ይመረጣል። ለመመረጥ ግን ሀብት ያስፈልግ ነበር፤ ርስት ወይም ንብረት የሌለው አይወዳደርም፤ ፓርቲም አልነበረም። ሕግ መወሰኛው እንደ ቀድሞው በሹመት ቀረ። በ1950 ዓ.ም. መባቻ በተፈጸመው የመጀመሪያ ምርጫ ከ210 እንደራሴዎች መካከል ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ተመርጠው ገቡ። በኢትዮጵያ ፓርላማ በምርጫ የገባች የመጀመሪያዋ ሴት እሳቸው ናቸው።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስቅም የሚያስገርምም ነገር አለ። ስንዱ ያደጉባት፥ አባታቸውም የተማሩባት ስዊስ ለሴቶችዋ በአገር አቀፍ ምርጫ ድምፅ የሰጠችው በ1971 እ.ኤ.አ. ነው። የኢትዮጵያዊቱ ተማሪ ከስዊስ መምህራኖቿ ዐሥራ ሦስት ዓመት ቀድማ በአገሯ ምክር ቤት ተቀመጠች። ከጥቂት ዓመት በኋላም የምክር ቤቱ ምክትል ፕሬዚዳንት ሆኑ። አባት በሹመት የያዙትን ማዕረግ ልጅ በድምፅ በተገባበት ቤት ያዙት። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በፓርላማው ያለፈው እሳቸው አባል ሳሉ ነው፤ ስለ ጋብቻ፥ ስለ ውርስ፥ ስለ ሞግዚትነት ያለው ክርክር ሁሉ የሴትን ኑሮ የሚነካ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ካልፈቀዱ ሕግ የማይሆን መሆኑ አልተለወጠም። ቢሆንም እሳቸው ሲናገሩ መርጫለሁ የሚል ሰው ከኋላቸው ነበረ፤ ለአባታቸው ያልነበረው ይህ ነው። በኋላ በጀርመን አገር በቦን በኢትዮጵያ ኤምባሲ ሠርተው፥ በ2001 ዓ.ም. ዐረፉ።

ታናሽቱ የውብዳር ደግሞ በሌላ መንገድ ሄዱ። ከግሸን ማርያም መንኩሰው ከቆዩ በኋላ በ1950ዎቹ የቅዱስ ያሬድን ዜማ ለማጥናት ወደ አባታቸው ከተማ ወደ ጎንደር መጡ። በየማለዳው ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ደበሎ የለበሱ፥ አኮፋዳ ያነገቱ የዜማ ተማሪዎች በደጀ ሰላሙ ሥር ተኝተው ያዩ ነበር። ቁራሽ ለምነው የሚማሩ፥ ብርድና በሽታ የሚጥላቸው ልጆች ናቸው። እማሆይ የሚሰጡት ገንዘብ ስላልነበራቸው ያላቸውን ሰጡ፤ በ1967 እ.ኤ.አ. በጀርመን አገር የፒያኖ ዜማቸውን በሸክላ አስቀርጸው ገቢውን ለነዚህ ተማሪዎች አደረጉት። ያ ጓደኛዬ በፒያሳ በስልኩ የከፈተልን ዜማ ከዚያው ሸክላ ላይ የተወሰደ ነው።

እማሆይ በመጨረሻ ወደ ኢየሩሳሌም ሄደው በደብረ ገነት ገዳም ተቀመጡ፤ በመጋቢት 2015 ዓ.ም. በዘጠና ዘጠኝ ዓመታቸው በዚያው ዐረፉ። ከመቶ ሃምሳ ዓመት በፊት ጎባው የተባለው የጎንደር ልጅ ከመቅደላ ጦር ኋላ ተከትሎ የደረሰባት ከተማ ያች ናት።